የሦስት ቁጥር ፔርሙዝ

«ቀስ በቀስ» የሚሉት ሾፌር ገደል ገብቶ ሞተ ሲባል የግቢው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው «የትኛው ቀስ በቀስ?» ብሎ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ሲሰድበው በመስኮት እጁን አውጥቶ «እለፉ፣ እለፉ፣ መንገዱ የጋራ ነው» የሚል ሰው ነበር። ሰኞ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ግን ከነጭነቱ ከረጅሙ ቁልቁለት ወጥቶ ሄደ። የትራፊክ ፖሊሱ በባትሪ ላይ ታች ቢልም አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት አላገኘም። መኪናው ኩርባውን ጭራሽ እንዳላየ ቀጥ ብሎ ነው የወረደው።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ ወደ ጭነት ማመላለሻው ግቢ መጣች። አጠር ያለች፣ ጉንፋን የያዛት፣ የወንድሟ የሚመስል ሰፊ ጃኬት የደረበች ሴት ናት። ወደ ስምሪት ክፍሉ ገብታ የኃላፊውን ወንበር ስባ ተቀመጠችበትና ኃላፊው በገዛ ቢሮው ቆሞ ቀረ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በዚህ ግቢ ስም የሚያወጡት ሾፌሮች ናቸው፣ ሾፌር ደግሞ መልአክ አይደለም። የስምሪት ኃላፊውን «ዳኛው» ይሉታል፤ ማን ወዴት እንደሚሄድ በየቀኑ የሚፈርደው እሱ ስለሆነ። ስሙ ሲወጣለት የአክብሮት ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሲጠሩት ከንፈራቸውን ያጣምሙ ጀመር፤ እሱም ምክንያቱን ስለሚያውቅ አልጠየቀም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«እስቲ ይህን ሰሌዳ ያስረዱኝ» አለች መርማሪዋ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች።

«አራት የሌሊት ስምሪት አለን። ሦስቱ አጭር ናቸው፤ ሜዳ ለሜዳ ሄደው ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤታቸው ይገባሉ። አራተኛው ተራራውን አቋርጦ በማግስቱ ነው የሚመለሰው። ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ይመርጣል፤ የመጨረሻው የተረፈውን ይወስዳል።»

«የሚተርፈውም ሁልጊዜ ተራራው ነው።»

«መርጦት የሚሄድማ የለም።»

«ወደ ታች የሚያወርድ ነገርስ አለ?»

«አንድ ብቻ። ሾፌሮቹ ማታ ከመነሳታቸው በፊት ማረፊያ ክፍል ጋደም ይላሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ይመታል። ተኝቶ ደወል ያመለጠው ለአንድ ዓመት ጭራ ይሆናል። የተራራው ሾፌር ብቻ ነው ቀደም ብሎ አንድ ሰዓት ላይ የሚወጣው።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ አንድ ፔርሙዝ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። ጎኑ ተጨማዶ ቀለሙ ተፋፍቋል፤ በቀይ የተጻፈው 3 ቁጥር ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ከሟቹ ጋቢና ነው የወጣው። ሻዩ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ኪኒን ቢሆን ነው። ሟቹ ስንተኛ ነበር?»

ዳኛው ሰሌዳውን በጣቱ ነካ። «አራተኛ።»

«ታዲያ የሦስተኛው ሰው ፔርሙዝ እሱ ጋ ምን ይሠራል?»

 ዳኛውን ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ሌላ ጥያቄ ነበርና ይህ ዱብ ዕዳ ሆነበት። እሱ የፈራው ስለ ተራው እንዳትጠይቀው ነበር። እሷም አልዘገየችም።

«ሦስተኛውስ ማነው?»

«ሙሽራው» አለ ዳኛው።

* * *

ሙሽራው ካገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዛሬም ሥራ ሲጨርስ እንደ ትናንት ሙሽራ ወደ ቤቱ ስለሚሮጥ ነው ስሙ የወጣለት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ሚስቱ ጀርባዋን ታማ አልጋ ላይ ከቀረች ሦስት ዓመት ሲሆናት ቀልዱ ቀረ፣ ስሙ ግን እንደ ተለጠፈበት አለ። ቀን እህቷ ትመጣለች። ሌሊት የሚያገላብጣት፣ ውሃ የሚያቀብላት፣ ፍርሃት ሲይዛት እጇን የሚይዛት እሱ ብቻ ነው። ለእሱ በአጭሩና በረጅሙ መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ያቺ ሴት ሌሊቱን ከሰው ጋር ማደሯና ብቻዋን ማደሯ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ተራው ሦስተኛ ነበር፣ አጭሩንም ይዞ ይኖር ነበር። ከዚያ ተመላሹ መጣ።

ተመላሹ የዳኛው ሚስት ወንድም ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሥራውን ጥሎ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ እዚያ አልሆንለት ሲል ተመለሰ። ደንቡ ጥሎ የሄደ ሲመለስ ከጭራ ይጀምራል ይላል። ማታ በእራት ላይ የዳኛው ሚስት «የእኔን ወንድም ከመጨረሻ ታሰልፈዋለህ?» ብላ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ በማግስቱ ዳኛው ያረጀ መዝገብ አገላብጦ የቀድሞው አገልግሎቱ ይቆጠርለታል የሚል ወረቀት ጻፈ። ተመላሹ ሦስተኛ ሆነ። ሙሽራው አራተኛ፣ ቀስ በቀስ አምስተኛ፤ ተራራውን ሁለቱ እየተፈራረቁ ይሄዱ ጀመር፣ የማይሄደውም እስከ ደወሉ ድረስ ግቢ ውስጥ በተጠባባቂነት ይቆያል። ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነበር፣ ከወረቀቱ ፊት ግን ማንም አፉን አልከፈተም። ሙሽራው አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ «ወንድሜ፣ ሌሊቱን ነው የምለምንህ» ብሎት ነበር። ዳኛው «ደንብ ነው፣ ተራህ ሲደርስ» ብሎ መለሰው። ያቺን ቃል ካወጣት ጀምሮ የሰውየውን ዓይን ማየት አቃተው።

* * *

መርማሪዋ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነጋግር ዋለች፣ ዳኛውንም ከአጠገቧ አላራቀችውም። «እርስዎ ሰዎቹን ያውቃሉ፤ እኔ ሰሌዳውን ብቻ ነው የማውቀው» አለችው።

ሻይ የምታፈላው ሴት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት፣ እጆቿን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች። «አሥር ሰዓት ላይ ሞልቼ መደርደሪያው ላይ እደረድራለሁ፣ አሥራ አንድ ላይ ወደ ቤቴ። ፔርሙዙ የቁጥሩ ነው እንጂ የሰው አይደለም፣ ልጄ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰው ተራው ሲቀየር ፔርሙዙም ይቀየራል።»

«ሰኞ ስንት ሞሉ?»

«አራት። ያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ አባባን ሸኘናቸው አይደል? አንደኛው ሾፌራችን ነበሩ፤ ጡረታ ወጡ። ዳኛው እዚያው ተነሥቶ ሁሉም አንድ አንድ ከፍ ብሏል፣ ከዛሬ ጀምሮ አራት ነው የምትሞዪው አለኝ። አጨበጨብንላቸው።»

ቀጥሎ ጡሩምባ ገባ። ድምፁ ከመኪናው ጡሩምባ የማይለይ፣ ከአባባ በኋላ አንደኛ የሆነ ሾፌር ነው። «አዎ ሰድቤዋለሁ!» ብሎ ጀመረ ሳይጠየቅ። «ሰኞም ሰድቤዋለሁ! ስንት ዓመት ሙሉ ከፊቴ እየተንቀራፈፈ አንጀቴን ሲያሳርረው!» ከዚያ ድንገት ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «አሁን ማንን ልስደብ?»

«ሻዩን መቼ ነበር የሚጠጣው?» አለችው መርማሪዋ ቀስ ብላ።

«ማንም ያውቀዋል። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ግማሽ ሰዓት ያርፋል፣ ፍሬኑን ይፈትሻል፣ ያኔ ነው የሚከፍተው። ከዚያ በፊት ጠብታ አይቀምስም።»

ተመላሹ በተቃራኒው ነው። «እኔ እንኳ ፔርሙዙን ጨርሼ ነው ጋደም የምለው» አለ። «ያለ ሻይ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ደወሉ ሲመታ ብድግ ነው። ጋሼን ይጠይቁት።» ጋሼ የሚለው ዳኛውን ነው። ዳኛው መሬት መሬቱን አየ።

«የእንቅልፍ ኪኒንስ?»

ተመላሹ ሳቀ። «ቀን የሚተኛ ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ አለው። እዚህ ግቢ የሌለው ሾፌር ካገኙ ዘበኛው ነው።»

ሙሽራው በመጨረሻ መጣ። ጢሙን ሦስት ቀን አልተላጨም፤ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክረዋል።

«ሰኞ የአባባ ሽኝት ላይ አልነበሩም አሉ።»

«ሚስቴን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ከዘጠኝ በኋላ ነው የመጣሁት። በጓሮው በር።»

«ከዚያስ?»

«ሻዬን ወሰድኩና መኪናዬ ውስጥ ጋደም አልኩ።»

«መድኃኒቱ የነበረው በሦስት ቁጥር ፔርሙዝ ውስጥ ነው። ከሰኞ እኩለ ቀን ጀምሮ ሦስት ቁጥር እርስዎ ነዎት። ሊጎዳዎት የሚፈልግ ሰው አለ?»

የሙሽራው ፊት አመድ መሰለ። «የለም» አለ ቶሎ ብሎ። «እኔን ማን ይጎዳኛል?»

መርማሪዋ የሚሽከረከረውን ቆብ ትኩር ብላ አየችውና «ይሂዱ» አለችው።

ዳኛው ግን ሙሽራውን ከኋላው እስከ በሩ በዓይኑ ተከተለው። ሙሽራውን ሊገድሉት ነበር ማለት ነው? ከዚያ ሐሳብ ጋር ሰኞ ማታ ትዝ አለው። ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ሙሽራው በቢሮው መስኮት በኩል መጥቶ ቆሞ ነበር። አንድ ነገር ሊናገር እንደፈለገ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ዳኛው ግን ያን ፊት ማየት ስላልቻለ የስልኩን እጀታ አነሣና ማንም በሌለበት መስመር «እሺ፣ እሺ፣ ይሁን» ማለት ጀመረ። ሙሽራው ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ሄደ። ዳኛው ስለ ተራው ሊያመሰግነኝ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ነበር።

* * *

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አልጋዎቹ ላይ ተቀመጡ፤ የቀስ በቀስ አልጋ ላይ ማንም አልተቀመጠም። እሷ ግን ሄዳ እዚያው ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ አራት ፔርሙዞች ደረደረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና አራት።

«በመጀመሪያ ነገሩ በሟቹ ላይ የተሠራ አይመስልም» አለች። «ለምን በሉኝ። ሁለት ኪኒን ሰው አይገድልም፤ የደከመን ሰው ከጠጣበት ቦታ ያስተኛዋል። ይህን የጨመረው ሰው የፈለገው አንድ ሾፌር እዚህ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ደወሉ እንዲያመልጠውና ጭራ እንዲሆን ነው። ቀስ በቀስ ግን ቁልቁለቱ አፋፍ ሳይደርስ እንደማይጠጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደግሞስ ጭራ የሆነን ሰው ወደየት ያወርዱታል?»

«እውነት ነው» አለ ጡሩምባ።

«ስለዚህ ሦስት ቁጥር የሙሽራው ስለሆነ በሙሽራው ላይ የተሠራ ነው አልኩ። እዚህም ላይ ተሰናከልኩ። ሙሽራው ቢወርድ ማን ይጠቀማል? ከሱ በላይ ያላችሁት ሁለታችሁም ምንም አታገኙም። የሚጠቀመው ከበታቹ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሞቷል። መድኃኒቱን እሱ ጨምሮት ቢሆን ደግሞ አውቆ አይጠጣውም።»

 እትዬ አፏን በሽርጧ ያዘች።

«እንግዲህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ። መድኃኒቱን የጨመረው ሰው ሦስት ቁጥር የሙሽራው መሆኑን አላወቀም። እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ድረስ ሦስት ቁጥር የማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ተመላሹ ዞሩ። «የእኔ» አለ ተመላሹ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «እኔ ደግሞ ጠጥቼ ነው የምተኛው።»

«ስለዚህ ቁጥሩ መቀየሩን ያልሰማ ሰው ነው የምንፈልገው። ሽኝቱ ላይ ያልነበረው አንድ ሰው ነው። አለመኖር ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም፤ ሌላ ሰው ነግሮትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ፔርሙዞቹን የሰበሰብኳቸው።» አራት ቁጥሩን አነሣች። «አንድና ሁለት ወደ መደርደሪያቸው ተመልሰዋል። ሦስት ከገደል ወጣ። ይህ አራት ቁጥር የሟቹ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ያገኘሁት ግን በሙሽራው መኪና ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር ነው።»

ሙሽራው ቀና አላለም።

«ሰኞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው ወደ መደርደሪያው መጥቶ የራሴ ነው ብሎ አራት ቁጥርን ወሰደ። አራት የእኔ ነው ያለ ሰው፣ ሦስት የተመላሹ ነው ብሎ ያምናል። በኋላ ቀስ በቀስ መጣ፤ አራት የለም፣ ሦስት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ግቢውን በጩኸት ያናውጠው ነበር። እሱ ግን ሙሽራው ተሳስቶ የእኔን ወስዷል፣ እኔ የሱን ልውሰድ አለ፤ ያለ አንዳች ቃል።»

«ቀስ በቀስ ነዋ» አለች እትዬ እያለቀሰች።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ነገሩ ገና አላለቀም ነበር። መርማሪዋ ፔርሙዙን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሙሽራውን ብቻ አናገረችው።

«እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። የሟቹ ስልክ ላይ ግን ያልተነሣ አንድ ጥሪ አለ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ከእርስዎ ስልክ።»

ሙሽራው ወደ ወለሉ ጎንበስ አለ። ቆቡ ከእጁ ወድቆ ነበር።

«ያን ሌሊት ተራራው የቀስ በቀስ ነው፣ እኔ ተጠባባቂ ነኝ ብዬ ነው የጠበቅሁት። ደወሉ ሲመታ ተመላሹ ዓይኑን አፍጥጦ ወጣ» አለ በመጨረሻ። «ምን ሆነ ብዬ ሰሌዳውን ሳይ ሦስተኛ ላይ የእኔ ስም አለ። አጭሩ መንገድ ደርሶኛል። ምንም ሳላደርግ ደርሶኛል! የሠራሁት በገዛ ራሴ ፔርሙዝ ነው። ልደፋው ብሮጥ መደርደሪያው ባዶ ነው። ማን እንደወሰደው ገባኝ። አንድ ጊዜ ደወልኩለት። እየነዳ ስልክ እንደማያነሣ እያወቅሁ ደወልኩለት።»

«እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ አምስት ሰዓት ያህል ነበረዎት።»

«አዎ።» እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። «ብናገር ጭራ ሆኜ እንኳ አልቀርም፣ እታሰራለሁ፤ እሷን ማን ይይዝልኛል አልኩ። ምናልባት ዛሬ ሻይ አያምረው ይሆናል አልኩ። ግን ሄጄ ነበር። ልናገር ሄጄ ነበር፣ እዚያ መስኮት ጋ...» ቀና ብሎ ዳኛውን አየና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

አለመጨረሱ ምሕረት ነበር፣ ዳኛውም ገባው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ከተናገረ ስሙም፣ ወንበሩም፣ ምናልባት ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀስ በቀስ ጃኬት ላይ ዓይኑ አረፈ፤ እጅጌው ላይ ክንዱን መስኮት ላይ የሚያሳርፍበት ቦታ ነትቧል።

«ስልክ እያናገርኩ አልነበረም» አለ ዳኛው ተነሥቶ። «መስመሩ ላይ ማንም አልነበረም። ዓይኑን ላለማየት ነው። ተራውን የነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ ለሚስቴ ወንድም ብዬ ደንብ አጣመምኩ። ሰኞ ቁጥሩን አንድ ሳምንት አስቀድሜ ያዛወርኩትም ለኅሊናዬ ብዬ ነው፣ እሱ አጭሩን እንዲያገኝ። ደውዬ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አፈርኩ፣ ሲመጣ ያየዋል አልኩ። የቁልቁለቱ ኬላ ስልክ ቁጥር ጠረጴዛዬ መስተዋት ሥር ነው ያለው። አንድ ደቂቃ ብሰማው ኖሮ መኪናውን አስቆመው ነበር።»

ተመላሹ «ጋሼ...» ብሎ ጀመረና ተወው። 

መርማሪዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ተጻፈ» አለች። «ስለ ደንቡ አለቆችዎ ይጠይቁዎታል። እኔ የምይዘው ኪኒኑን የጨመረውን ነው። ስልክ የሚያናግር ላስመሰለ ሰው የሚሆን አንቀጽ የለኝም።»

ሙሽራውን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ በሩ ላይ ቆመ። የተናገረው ለማንም አልነበረም፣ ወይም ለሁሉም ነበር።

«ማታ ማን ያገላብጣታል?»

«እኔ» አለ ዳኛው። «የቤቱን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ቁልፍ የለውም» አለ ሙሽራው። «እኔ እስክመጣ ክፍት ነው የሚያድረው።»

* * *

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ ነበር። ዳኛው ሲደርስ ጨለማው ገና አልበረታም። በመንገድ ላይ የሚላትን ሲያዘጋጅ መጥቶ ነበር፤ ሦስት ዓይነት አድርጎ አዘጋጅቶታል፣ ሦስቱም በሩ ላይ ጠፉበት። በሩን ገፋ ሲያደርገው ሲጢጥ አለ።

ከውስጥ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ የሴት ድምፅ ደስ ብሎት መጣ።

«ዛሬስ በጊዜ መጣህ! ዳኛው አጭሩን ሰጠህ ማለት ነው?»

ዳኛው ቆሞ ቀረ። የሚያነሣው ስልክ አልነበረም። መጋረጃውን ገለጠና ገባ።